ጎርፉ ሮቢ ላይ፣ ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ

በክረምት ከሰዓት በኋላ ጣርማ በር ላይ ጉም ይወርድና የጣሊያኑ ዋሻ አፍ እንኳ አይታይም። በዚያው ሰዓት ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ላይኛው ከባሕር ጠለል ከ3 ሺሕ ሜትር በላይ፣ ታችኛው 1 ሺሕ 300 ሜትር ግድም ነው፤ ጠመዝማዛውን በደብረ ሲና በኩል ለሚወርድ ተሳፋሪ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ታች ሮቢ ወንዝ አሸዋው ላይ ሴቶች ልብስ አጥበው አስጥተዋል፤ ወጣቶች ለገልባጭ መኪና አሸዋ ይዝቃሉ፤ እረኛው ከብቶቹን ከቀጭኗ ውሃ ዳር አቁሟል። ላይ የጣለውን ዝናብ ከእነሱ ያየው የለም። ደራሽ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ጉርምርምታ ይሰማል፣ ወዲያው ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ከች ይላል።

ጣርማ በር ላይ ከባድ ዝናብ መጣሉን ያየ ሰው ሮቢ ውስጥ ላለው ሰው በስንት ደቂቃ ያደርስለታል? በማን በኩል? በምን ምልክት? የሰማውስ በየት በኩል ይወጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በወረቀት መልስ መስጠት ይቻላል፤ መልሱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ግን ተሞክሮ ሲታይ ነው። መንግሥት ለቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚያደርገው ድጋፍ በመሣሪያ፣ በሰነድና በአዳራሽ ሥልጠና ላይ ተወስኖ፣ ሙከራና ልምምድ እንደ ትርፍ ነገር መቆጠራቸውን የምቃወመው ለዚህ ነው።

ነገሩ ከአመሠራረቱ ይጀምራል። የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓታችን የወሎ ረኃብ ልጅ ነው። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽን ሲቋቋም፣ ቆይቶም የማስጠንቀቂያ ሥራው ሲደራጅ፣ የተፈለገው ድርቅን ቀድሞ ማወቅ ነበር። የዝናቡ መጠን፣ የሰብሉ ቁመና፣ የከብቱ ሁኔታና የእህል ዋጋ ተሰብስቦ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዚያም ወደ ላይ ይላካል። ድርቅ በወራት የሚመጣ በመሆኑ ይህ አካሄድ ትርጉም ነበረው፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ጎርፍን፣ ናዳንና የመሬት መንቀጥቀጥን ጭምር እንዲያካትት አደረገው። የመረጃው ጉዞ ግን ያው የድርቁ ጉዞ ሆኖ ቀረ። ዝናቡ የጣለው በጣርማ በር ወረዳ፣ ጎርፉ የሚደርሰው በቀወትና በሸዋ ሮቢት ነው። የላይኛውም የታችኛውም ወረዳ ሪፖርቱን የሚልከው ለየብቻ ወደ ዞኑ መቀመጫ ደብረ ብርሃን ነው፤ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ደራሽ ውሃ ይህን ሁሉ ማኅተም አይጠብቅም። ከላይኛው ቀበሌ ወደ ታችኛው ቀበሌ በቀጥታ የሚደወል አንድ ስልክ ከሁሉም ይቀድማል። ያ ስልክ ሌሊት ይነሣ እንደሆነ ግን ተደውሎ ካልተሞከረ በምን ይታወቃል?

የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ቀንና የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ ቅጽበታዊ ጎርፍ ሊኖር እንደሚችልም ይናገራል። ሥራው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ትንበያው የሚናገረው ስለ ሰፊ ተፋሰስ ነው፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሮቢና ከጀውሃ ወንዞች ውስጥ ማን መውጣት እንዳለበት ሊነግረን አይችልም። ያን የሚናገረው ላይ ቆሞ ሰማዩን የሚያይ ገበሬ ነው። ይህ ገበሬ ግን ሥልጠና አይጠራም። ሥልጠና የሚጠራው ባለሙያው ነው፤ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ አበሉን ይቀበላል፣ ሰርተፊኬቱን ይዞ ይመለሳል። ባለሙያውን አልወቅስም፤ የሚጠራው ሌላ ነው። የምወቅሰው ይህን ሥልጠና ብሎ ቆጥሮ፣ በዓመቱ ሪፖርት ላይ የሠለጠኑትን ቁጥር ጽፎ፣ ሥራው ተሠራ የሚለውን አሠራር ነው። በዚያ ሪፖርት ውስጥ ማንቂያው ከተነገረበት ቅጽበት አንሥቶ የመጨረሻው ሰው ከወንዙ እስኪወጣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

በአንጻሩ በየመንደሩ ሙከራው ተቋርጦ የማያውቅ ማንቂያ አለን፤ የእድር ጥሩምባ። ለፋፊው ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ መንገድ ዳር ቆሞ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል። ማን የት እንደሚሄድ፣ ድንኳኑን ማን እንደሚያወጣ፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ መመሪያ የሚያነብ የለም። ጥሩምባው የሚሠራው ሁልጊዜ ስለሚነፋና ሰውም ሁልጊዜ ስለሚነሣ ነው። መንግሥት የሳይረን ዋጋ ከማስጠናቱ በፊት ይህን ቢያጠና ምንኛ በተማረ።

ሆኖም ጥሩምባውንም ሆነ እሪታውን እንዳለ ወስዶ ለጎርፍ ማዋል አደገኛ ነው፤ ልምምድን የግድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በእኛ አገር እሪ ሲባል ሰው ወደ ጩኸቱ ይሮጣል። ቤት ሲቃጠል፣ ልጅ ገደል ሲገባ፣ ሌባ ሲያዝ መሮጥ ነው። ከታላላቅ መልካም ጠባዮቻችን አንዱ ይህ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ናዳ ሲወርድም ጎረቤት የሮጠው እንደዚሁ ነው። የተቀበሩትን ለማውጣት እየቆፈረ ሳለ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ በላዩ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። ጎርፍና ናዳ ሲሆን ማንቂያው መናገር ያለበት ተቃራኒውን ነው፤ ራቁ፣ ወደ ከፍታ ውጡ፣ ተቆጥራችሁ ተሰብሰቡ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነውን ወደ ጩኸት መሮጥ በአጭር የጽሑፍ መልእክት መቀየር አይቻልም። እግር ነው መልመድ ያለበት።

ለጣርማ በር ይህ ሩቁ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ በተባለው አካባቢ ተራራው ተንሸራትቶ መንደሮችን አፈናቅሏል። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ላይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መጀቴን አፍርሶ፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ሰነጣጥቋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሸዋ ሮቢት ካለበት ከይፋት ቆላ ማዶ አዋሽ ፈንታሌ ላይ ምድር ለወራት ስትናጥ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተዋል። ላይ ተራራ፣ ታች ስምጥ ሸለቆ፣ መካከሉን የሚቆርጡ ወንዞች፤ ልምምድ የሚጀመርበት ቦታ ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

እንደማይቻል ለሚናገሩ ባንግላዴሽ አለች። እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ ዐውሎ ነፋስ ከ300 ሺሕ በላይ ሰው ያለቀባት ድሃ አገር ናት። ከዚያ በኋላ መንግሥቱና ቀይ ጨረቃ ተባብረው በየመንደሩ ፈቃደኞችን አደራጁ። መሣሪያቸው ባንዲራና የእጅ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ ዋናው ነገር ግን መልመዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወጣ፤ በአገሪቱ የሞተው በአሥሮች የሚቆጠር ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2014 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያ ለሁሉም ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ይዳረስ ብሎ ሲነሣ፣ ኢትዮጵያ ለመነሻ ከተመረጡት 30 አገሮች አንዷ ናት። ገንዘብና ባለሙያ የሚመጣበት በር ተከፍቷል ማለት ነው። ያ ገንዘብ እንደገና ወደ ሰነድና ወደ አዳራሽ ከሄደ ጥፋቱ የራሳችን ይሆናል።

ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች በቁም ነገር የምወስደው አንዱን ነው፤ ልምምድ ሽብር ይፈጥራል የሚለውን። ይፋት ውስጥ ሰው ጦርነት አይቷል፣ ቤት ሲቃጠል አይቷል፤ ድንገት ጥሩምባ ቢነፋ ሌላ ነገር መጣ ብሎ ልጁን ይዞ ጫካ ሊገባ ይችላል። ይህ እውነት ነው። ግን ያልተለመደ ማንቂያ በእውነተኛው ቀን ሲነፋ የሚፈጥረው ሽብርም ያው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ውሃው አብሮ ይመጣል። ሐዋይ ላይ ጥር 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ሚሳይል መጣ የሚል የሐሰት መልእክት በሕዝብ ስልክ ላይ ሲለቀቅ፣ ስሕተት ነው የሚለው መልእክት እስኪደርስ 38 ደቂቃ ፈጅቷል፤ የመሻሪያው መልእክት አስቀድሞ አልተዘጋጀም ነበር። በቴክኖሎጂ የሚቀድሙን እንኳ ማንቃትን እንጂ ማረጋጋትን አልተለማመዱም። እኛ ቀኑን አስቀድመን በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያንና በሰንበቴ ገበያ ብናስነግር፣ በአማርኛ፣ በአርጎብኛ፣ በአፋርኛና በኦሮምኛ ብናስረዳ፣ ማብቂያውንም በምልክት ብናሳውቅ ሽብሩ ይቀንሳል።

ስልክ አለ የሚለውን መልስ ባጭሩ ልለፈው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ኢትዮ ቴሌኮም የመጥሪያ ድምፁን በጤና ምክር ተክቶ ሁላችንም ዘንድ ደርሷል፤ ስለዚህ መሣሪያው አለ። ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘግቶ እንደነበርም አንረሳም። አሸዋ የሚዝቀው ወጣት ደግሞ ስልኩን ሸሚዙ ውስጥ ጠቅልሎ ዳር ላይ ያስቀምጣል።

እኔ የምጠይቀው ድጋፍ ግንቦት ላይ፣ ከክረምቱ በፊት፣ አንድ ቀን ከሰዓት አንድ ጊዜ ደግሞ ሌሊት፣ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት የሚደረግ ሙከራ ነው። ላይ ሆነው ሰማዩን የሚጠብቁ ገበሬዎች የአየር ሰዓት ይሞላላቸው፣ ለፋፊዎቹ የውሎ አበል ይከፈላቸው፤ ለሆቴሉ የሚከፈለው ለእነሱ ይሁን። ደቂቃው ይቆጠር፣ ያልሰማው ሰፈር ይመዝገብ፣ በዓመቱ ይደገም። ከሁሉ በፊት ግን የቀበሌው ሰው ከወረዳ ፈቃድ ሳይጠብቅ ማንቂያውን እንዲያስነፋ፣ ዝናቡ ቢቀርና ጎርፉ ባይመጣም እንዳይጠየቅበት የሚያደርግ የተጻፈ ሥልጣን ያስፈልጋል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የውጭ ርዳታም ሆነ አዲስ በጀት አያሻም፤ የዞኑ አስተዳደር ነገ ጠዋት ሊፈርመው ይችላል።