የፓኬቱ ጨው በሚነበብ ቋንቋ ይጻፍ

መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. የዓለም መሪዎች ተላላፊ ስላልሆኑ በሽታዎች ለመምከር በኒው ዮርክ ሲሰበሰቡ የቀረበላቸው የፖለቲካ መግለጫ ከመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ቁልፍ ነገር ጎድሎበት ነበር። ረቂቁ አገሮች በትምባሆ፣ በአልኮልና በስኳር በተጣፈጡ መጠጦች ላይ ታክስ እንዲጥሉ ወይም እንዲጨምሩ ግልጽ ግብ አስቀምጦ ነበር። ድርድሩ ሲያልቅ ግቡ ጠፋ፤ የስኳር መጠጦችም ከታክሱ አንቀጽ ወጡ። በየአደባባዩ የኩላሊት ሕመምተኛ ፎቶግራፍ በመኪና ላይ ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ እርዳታ በሚለመንበት አገር ይህ ስረዛ የሩቅ ወሬ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባውም።

የስኳር መጠጦቹ እጅግ የተቀነባበረ ከሚባለው ምግብ ይመደባሉ። እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ሲባል ግን በወፍጮ ወይም በምጣድ ያለፈ ሁሉ ማለት አይደለም። በሶ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ሽሮም እንዲሁ፤ የእንጀራ ሊጥም ይቦካል። ያም ሆኖ እህሉ እህልነቱን አይለቅም። የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲው ብራዚላዊ ካርሎስ ሞንቴሮና ባልደረቦቹ ኖቫ ብለው በሰየሙት አመዳደብ፣ እጅግ የተቀነባበረ የሚባለው ከእህል ተነጥሎ የወጣ ስታርች፣ ስኳር፣ ዘይትና ፕሮቲን በፋብሪካ ተዋህዶ፣ በቤት ጓዳ በማይገኙ ማጣፈጫዎችና ማቅለሚያዎች የሚሠራው ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ ቺፕስ፣ ክሬም ያለው ብስኩት፣ በደቂቃዎች የሚደርስ ኑድል፣ ሶሴጅና ሞርታዴላ ከዚህ ይመደባሉ።

ዋናው ልዩነት መጠኑን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። የወጡን ጨው የምትሠራው ሴት ቀምሳ ትመጥነዋለች፤ ሐኪም «ጨው ቀንሱ» ሲል የሚቀነሰውም ይኸው ነው። የፓኬቱን ጨው ግን ፋብሪካው ወስኖ አሽጎታል። ወጥ ውስጥ የሚጣለው ባለ አራት ማዕዘን ማጣፈጫ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ በሻይ ማንኪያ ሲሰፈር ሰባት ይሞላል። በልጇ ሻይ ላይ ሰባት ማንኪያ ስኳር የምትጨምር እናት አትገኝም፤ ጠርሙሱን ግን ሳታውቅ ከፍታ ትሰጠዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል። በ2007 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን አማካዩ ከ8 ግራም በላይ መሆኑን አሳይቷል። የፓኬት ምግብ ሲበዛ ሸክሙ ይከብዳል።

ልብና ኩላሊት የአንዱ ሕመም ለሌላው የሚተርፍ ጎረቤታሞች ናቸው። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ኩላሊት ይሄዳል፤ ኩላሊቶቹም በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ግፊቱም ይወጣል። ግፊቱ ለዓመታት ሲቆይ የልብ ጡንቻ ይወፍራል፤ በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ያሉት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎችም እየጠበቡ ይዘጋሉ። የሞተ ማጣሪያ አይተካም። የስኳር ብዛት በውፍረትና በስኳር በሽታ በኩል ወደዚያው ያደርሳል። በፋብሪካ የሚጨመረው ፎስፌትም በጥራጥሬ ውስጥ ካለው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል፤ የደከመ ኩላሊት ሊያስወግደው ስለማይችል የደም ሥሮች ግድግዳ እንዲደድር ያደርጋል። ሕመሙ ድምፅ የለውም፤ እግር አብጦ ሐኪም ዘንድ ሲደረስ ብዙው ማጣሪያ አልቆ ይገኛል።

ማስረጃው ጠንክሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ20 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ ሰዎቹ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ሲቀርብላቸው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው እንደበሉ አሳይቷል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ባሳተማቸው ጽሑፎች ከተገመገሙት 104 የረጅም ጊዜ ጥናቶች 92ቱ እነዚህን ምግቦች ከከባድ በሽታዎች ሥጋት ጋር አያይዘዋቸዋል።

ይህን ሁሉ በበላተኛው አለመጠንቀቅ ማመካኘት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰው የሚበላው ሰፈሩ የሚያቀርብለትን ነው። የትምህርት ቤት በር ላይ ያለው ሱቅ በመደርደሪያው የሚደረድረው ብስኩት፣ ቺፕስና ባለቀለም ጁስ ነው፤ ብርቱካንና ሙዝ ዋጋቸው ንሯል፣ ቶሎም ይበላሻሉ። ማለዳ ታክሲ ለመያዝ የምትሮጥ እናት የልጇን ምሳ ዕቃ በፓኬት ብትሞላ የምትወቀሰው እርሷ አይደለችም። በዋና ከተማዋ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለልብ የሚበጁ ናቸው፤ ያው ትኩረት በመንገዱ ዳር ለሚሸጠው ምግብም ሊሰጠው ይገባል።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል የእጥበት ክፍሎች ይናገራሉ። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ሊውል ይገባዋል። አቅም አንሷቸው ከሦስቱ አንዱን የሚተዉ፣ ቤታቸውን ሸጠው የሚታከሙ ጥቂት አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ የሚያኮራ ነው፤ ሆኖም ለጋሽ ለሁሉ አይገኝም።

መፍትሔው በተግባር የታየ ነው። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ጨው፣ ስኳርና ስብ በበዛባቸው ምርቶች ፊት ላይ ጥቁር ምልክት እንዲታተም፣ በትምህርት ቤት እንዳይሸጡ፣ ለልጆችም እንዳይተዋወቁ የሚደነግግ ሕግ ሥራ ላይ አዋለች፤ ምልክቱ የተለጠፈባቸው መጠጦች ግዥ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሩብ ያህል ቀነሰ። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በሊትር አንድ ፔሶ ታክስ ስትጥል የስኳር መጠጦች ግዥ በሁለተኛው ዓመት በ10 በመቶ ያህል ወረደ። ኢትዮጵያም መነሻ አላት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም ለስላሳ መጠጥን ይመለከታል። አዋጆቹን ያወጣ መንግሥት ቀጣዩን እርምጃ ለመውሰድ አቅም ያንሰዋል ተብሎ አይታሰብም።

ፋብሪካዎቹ የሥራ ዕድል መፍጠራቸው አይካድም፤ እውነቱን ፓኬቱ ላይ መጻፍ ግን ፋብሪካ አያዘጋም። የጤና ሚኒስቴርና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የጨው፣ የስኳርና የስብ መብዛት በጀርባ በደቂቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ሳይሆን በፓኬቱ ፊት፣ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች፣ በጉልህ እንዲጻፍ ግዴታ ያድርጉ። ትምህርት ቤቶችም እነዚህን ምግቦች ከግቢያቸውና ከበራቸው ያርቁ። በኒው ዮርክ የተሰረዘውን ቃል አዲስ አበባ ላይ መልሶ መጻፍ ይቻላል። ገዥው የሚገዛውን ነገር የማወቅ መብት አለው፤ መብቱም ኩላሊቱ ከመድከሙ በፊት ይከበርለት።