ጀምበር ትልቁን ታሪክ ይሸከማል?

ስለ ኮሚክ መጽሐፍ ሲወራ «ጀምበር ለራሱ መጽሐፍ ይበቃል እንጂ ብዙ ጀግኖች የሚገናኙበትን ትልቅ ታሪክ አይሸከምም» የሚሉ ልጆች አሉ። እኔ በበኩሌ አልስማማም።

የብስራት ደበበ እጣን ኮሚክስ «ጀምበር»ን ያወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቀጥሎ ሴቷ ጀግና ሃዊ መጣች። እንግዲህ የሚገናኝ ሰው አለን ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ጉልበት እንቆጥራለን። የአሜሪካው ዲሲ በ1985 እና 86 ባወጣው ባለ 12 ክፍል የጀግኖች መገናኛ ውስጥ ግን ሱፐርማን እያለ፣ ከአንባቢ ልብ የቀረው የሱፐርገርልና የፍላሽ ሞት ነው። ታሪኩን የያዘው ጡንቻ ሳይሆን የሚታጣው ነገር ነው።

ጀምበር ደግሞ አማኑኤል ጥላሁን ነው፤ ኮሌጅ ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ልጅ። እኛ ሳሪሶች ይሄን ልጅ በደንብ እናውቀዋለን። ዲግሪውን በፕላስቲክ ይዞ በጠዋት ከአቦ ታክሲ ይጋፋል፣ «የ2 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለውን ማስታወቂያ አንብቦ ወደሚቀጥለው ቢሮ ይሄዳል። (ልምዱን ከየት ያምጣው?) በር ማንኳኳት የለመደ ሰው ጀግኖችን ለማሰባሰብ ማን ይብለጠው?

የምፈራው ሌላ ነው። ትልቁ ድብድብ ሲጀመር ሥራ ፍለጋው ተረስቶ ጀምበር እንደማንም ተደባዳቢ እንዳይሆን። ደራሲ ብሆን በዚያው ሰዓት ለቃለ መጠይቅ አስጠራው ነበር፤ ቤት ደግሞ እናቱ ውጤቱን እየጠበቁ።