ትንሿ ላፕቶፕ ለማን ትበቃለች?

በእኛ ሰፈር፣ በሮቫ ዩድ-አሌፍ፣ የኦገስት ወር በገባ ቁጥር በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ሴፕቴምበር 1 ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ለልጁ ኮምፒውተር ይገዛ ወይስ ይቅር? ይገዛ ከተባለስ የትኛው? ማስታወቂያው የሚጻፈው በዕብራይስጥ ነው፤ በካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮችም ለብዙ ወላጆች ግራ ናቸው። ስለዚህ አንብበን የምናስረዳው እኛው ልጆቹ ነን። እናት "ልጄ፣ ይኼ ይሻላል?" ብላ ስትጠይቅ ልጁ "አዎ እማዬ" ካለ ገንዘቡ ይከፈላል። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለወላጆች ብቻ ሳይሆን ለእነዚህ ትንንሽ አስተርጓሚዎች ጭምር ነው።

የማወራው ስለ ትንሿና ርካሿ ላፕቶፕ ነው። ስክሪኗ አብዛኛውን ጊዜ 11.6 ኢንች ነው፤ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሚሞሪዋ 4 ጊጋባይት፣ ማስቀመጫዋ 64 ጊጋባይት ነው። ባየኋቸው ማስታወቂያዎች ዋጋዋ 1,000 ሼቄል አካባቢ ነበር። አራት ልጆች ላሉት ቤት ይህ ዋጋ ትልቅ ፈተና ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ጥሩ ኮምፒውተር ዋጋ ሦስት ትንንሽ ላፕቶፖች ይገዛሉ።

እንደ እኔ አስተያየት ትንሿ ላፕቶፕ ለሚያነብና ለሚጽፍ ተማሪ ጥሩ ዕቃ ናት። ነገር ግን ልጁ የድሃ ልጅ ስለሆነ ብቻ "ለአንተ ይህች ትበቃሃለች" ሊባል አይገባም። እነዚህ ሁለት ነገሮች በጣም የተለያዩ ናቸው፤ ብዙ ሰው ግን ይቀላቅላቸዋል።

መጀመሪያ ይህች ዕቃ ከየት እንደመጣች ትንሽ ልናገር፤ ታሪኩ የወላጆቻችንንም አገር ይነካልና። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ለድሃ አገር ልጆች የሚሆን የ100 ዶላር ላፕቶፕ እንሠራለን ብለው ለዓለም አስታወቁ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ቱኒስ ላይ ከተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ከኮፊ አናን ጋር ሆነው በእጅ መዘውር ኃይል የሚያገኝ አረንጓዴ ማሽን አሳዩ። ዕቃው በ2007 መመረት ሲጀምር ግን መዘውሩ ቀርቶ ነበር፤ ዋጋውም ወደ 200 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ስሙ ኤክስኦ ይባላል። በዚያው በ2007 አሱስ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ኢ ፒሲ የተባለችውን ባለ 7 ኢንች ላፕቶፕ አወጣ፤ ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከተሉት። ዛሬ በየሱቁ የምናያት ትንሽ ላፕቶፕ የእነዚያ ልጅ ናት ማለት ይቻላል።

ኤክስኦ ኢትዮጵያም ገብቶ ነበር። ከ2008 ጀምሮ በጀርመን የልማት ትብብር ድጋፍ 5,000 ያህል ላፕቶፖች አዲስ አበባና ገጠር ውስጥ ላሉ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ተሰጡ። ማሽኑ ለልጅ የታሰበ ነበር። ፀሐይ ላይ የሚነበብ ስክሪን፣ አቧራና ውኃ የማያስገባ የላስቲክ ኪቦርድ፣ እንደ ቦርሳ የሚያዝበት እጀታ ነበረው። የግዕዝ ፊደል ያለበት ኪቦርድም ተዘጋጅቶለት ነበር። እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በእጀታው ውስጥ ትርፍ ብሎኖች ተቀምጠውለት ነበር! ይኸውም ልጁ ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ነው። የዛሬውን ርካሽ ላፕቶፕ ስንመለከት ሚሞሪውም ማስቀመጫውም ብዙውን ጊዜ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ቢፈቱትም የሚቀየር ነገር የለውም። ለኢትዮጵያ ገጠር ልጅ ትርፍ ብሎን የታሰበለት ነበር፤ ለእኛ ግን አልታሰበም።

ታዲያ ውጤቱ ምን ሆነ? ከወረቀቱ እንደምናነበው ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ብዙዎቹ አስተማሪዎች በቂ ሥልጠና ስላላገኙ ላፕቶፑ ክፍል ውስጥ የሚያስቸግር መጫወቻ ሆኖባቸው ነበር። አስተማሪው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ልጁ ፎቶ ያነሣል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቦታ ደግሞ ነገሩ "ላም አለኝ በሰማይ" ነው። በሌላ በኩል የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ላፕቶፕ ያገኙትን 202 ልጆችና ያላገኙትን 210 ልጆች አወዳድረው ውጤቱን በ2012 አሳትመዋል። ላፕቶፕ የነበራቸው ልጆች ነገርን ከነገር ጋር በማመሳሰልና በየዓይነቱ በመመደብ ፈተና የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። በዚያው ዓመት በፔሩ በ319 ትምህርት ቤቶች የተደረገው ጥናት ደግሞ ላፕቶፑ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ እንዳላመጣ አሳየ። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ዕቃው የልጁን አእምሮ ሊከፍት ይችላል፤ የትምህርት ቤቱን ሥራ ግን አይሠራለትም።

አሁን ወደ አሽዶድ ልመለስ። በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአንድ ቤት ሦስት ተማሪ፣ በዙም ሦስት ክፍል፣ በቤቱ ውስጥ ግን አንድ ኮምፒውተር፣ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ ምንም አልነበረም። በእናቱ ስልክ የተማረ ልጅ ብዙ ነው። እናት ወደ ሥራ ስትሄድ ትምህርቱም አብሮ በቦርሳዋ ይሄዳል። ከኦክቶበር 2023 በኋላም በሚሳይል ምክንያት ትምህርታችን በርቀት የሆነበት ጊዜ ነበር። የዚያን ጊዜ ትንሽ ላፕቶፕ ጥቅሟ ምን እንደሆነ ይገባል። ሳይረን ሲጮኽ ትልቁን የጠረጴዛ ኮምፒውተር ተሸክሞ ወደ ማማድ የሚገባ የለም፤ ትንሿን ግን እንደ ደብተር በብብት ይዞ መግባት ይቻላል። ሶኬት ሳትፈልግ ብዙ ሰዓት ትሠራለች። ብዙዎቹ ማቀዝቀዣ ፋን ስለሌላቸው ድምፅ የላቸውም፤ ከታናናሾቹ ጋር በአንድ ክፍል ለሚተኛ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። (የማማዱ ግድግዳ ኮንክሪት ስለሆነ ኢንተርኔቱን ያደክመዋል፤ ያ ግን የላፕቶፑ ጥፋት አይደለም።)

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሟ "የኔ" የምትባል መሆኗ ነው። ለአምስት ሰው የሆነ ጥሩ ኮምፒውተር ወረፋ አለው፤ በወረፋው ደግሞ ሁልጊዜ የምትሸነፈው ታላቅ እህት ናት፣ ምክንያቱም ሳህን እያጠበች ነው። የራስ የሆነች ደካማ ላፕቶፕ ላይ የተጀመረ ጽሑፍ ማታም ተከፍቶ ይቀጥላል። አማርኛ መጻፍም እንዲሁ ነው። ዊንዶውስ ከ2007 ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድ ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል፤ ለአማርኛ ጽሑፍ ከባድ ማሽን አያስፈልግም። እንዲያውም በስልክ ሁለት መስመር የሚጽፍ ልጅ ኪቦርድ ሲያገኝ ሁለት ገጽ እንደሚጽፍ በክፍላችን አይተናል።

ጉዳቷ ደግሞ ከተገዛች ከጥቂት ወራት በኋላ ነው የሚታየው። ካርቶኑ ላይ 64 ጊጋባይት ይላል። ነገር ግን ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚጠይቀው ትንሹ መጠን ራሱ 4 ጊጋባይት ሚሞሪና 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ይህች ላፕቶፕ ገና ከፋብሪካ ስትወጣ የመጨረሻው ወለል ላይ ቆማለች ማለት ነው። ከማስቀመጫው ብዙውን ዊንዶውሱ ራሱ ይይዘዋል። አዲስ ማሻሻያ ሲመጣ "ቦታ የለም" ትላለች፤ ፎቶ አጥፍተህ ቦታ ስትሰጣት በሚቀጥለው ወር ያንኑ ትደግማለች። ዙም፣ ሰነድና አምስት የኢንተርኔት ገጽ አንድ ላይ ከተከፈቱ ደግሞ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ እስኪወርድ ድረስ ታስጠብቃለች። ልጅ ትዕግሥት የለውም። ሲሰለቸው ላፕቶፑን ዘግቶ ስልኩን ያነሣል፤ ያን ጊዜ 1,000 ሼቄሉ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል።

ክሮምቡክ የሚባሉት ከ2011 ጀምሮ የመጡት ትንንሽ ላፕቶፖች በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ ሥራቸው በኢንተርኔት ስለሆነ በትንሽ ሚሞሪም ይሮጣሉ። ነገር ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም በቀጥታ አይጫንባቸውም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ምን ፕሮግራም እንደሚጠቀም ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም።

እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚቆጣው። በ10ኛ ክፍል የኮምፒውተር ሳይንስ በ5 ዩኒት ለባግሩት ልማር የሚል ልጅ፣ ቪዲዮ ልሥራ፣ ሥዕል ልሣል የምትል ልጅ፣ በዚህች ማሽን ላይ ፕሮግራሙ አልከፈት ሲላቸው ምን ያስባሉ? "ማሽኑ ደካማ ነው" አይሉም፤ "እኔ አልችልም" ይላሉ። እንዲህ ብሎ ትምህርቱን ወደ ቀላሉ የቀየረ ልጅ አውቃለሁ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ አንድ ፕሮግራም ሲያስኬድ ሌላውን ይዘጋበት ነበር። ቤቱ ኮምፒውተር ስላለ ደግሞ ማንም ችግር አለ ብሎ አልጠየቀም። ኮምፒውተር የሌለው ልጅ በዝርዝር ላይ ይጻፋል፤ ደካማ ኮምፒውተር ያለው ግን "አለው" ተብሎ ይታለፋል።

አንዳንድ ሰዎች "ከምንም ይሻላል፣ የተሰጠንን እናመስግን" ይላሉ። የሽማግሌዎቻችን ጨዋነት ስለሆነ አከብረዋለሁ፤ ወላጆቻችን በእግራቸው ሱዳን ድረስ የሄዱት ብዙ ሳይጠይቁ ነው። ነገር ግን ማመስገንና መጠየቅ አይጣሉም። ለተማሪዎች ላፕቶፕ የሚያድሉ ሰዎች ስንት እንዳደሉ ይቆጥራሉ፤ ከዓመት በኋላ ስንቱ እንደሚሠራ ቢቆጥሩ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር። ለመቶ ልጅ መቶ ትንንሽ ከማደል፣ ለሰማንያው ትንሿን፣ ከባድ ትምህርት ለሚማሩት ሃያዎቹ ጠንካራውን መስጠት ይቻላል። ቁጥሩ ቢያንስ እንኳ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ለወላጆች ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ያፍርበታል እንጂ። ትልልቅ ኩባንያዎች ለጥቂት ዓመት ሠርተውባቸው የሚሸጧቸው፣ ታድሰው የሚመጡ የቢሮ ላፕቶፖች አሉ። በትንሿ ዋጋ ወይም ጥቂት ጨምሮ 8 ጊጋባይት ሚሞሪና ፈጣን ማስቀመጫ ያለው ይገኛል፤ ብዙዎቹም ተፈትተው ሚሞሪ ይጨመርባቸዋል። ከባድ ናቸው፣ ባትሪያቸው የደከመ ሊሆን ይችላል፣ መልካቸውም አያምርም። ጓደኛ "የአያትህ ነው?" ብሎ ሊስቅ ይችላል። ይሳቅ። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ለዊንዶውስ 10 የሚደረገው መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ስለዚህ አሮጌው ማሽን ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ዋስትናውም በቃል ሳይሆን በወረቀት ይሁን።

በእኔ ግምት ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ላለ፣ ለሚጽፍ፣ ለሚያነብ፣ በዙም ለሚማር ልጅ ትንሿ ትበቃለች። ለታናሽ ወንድሜ ብጠየቅ እርሷን እመርጥለታለሁ፤ ቢጥላትም ብዙ አንከስርም። ለ10ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ግን ልጁ ምን መማር እንደሚፈልግ ሳይጠየቅ ካርቶን መምረጥ ልክ አይመስለኝም።

እንግዲህ እናንተ አስተርጓሚዎች፣ ከእናታችሁ ጋር ሱቅ ስትገቡ ስለ ቀለሟ አትጠይቁ። ሚሞሪው ስንት ነው? 4 ከሆነ በኋላ ይጨመርለታል ወይስ የተበየደ ነው? ማስቀመጫው ኤስኤስዲ ነው ወይስ ኢኤምኤምሲ? (ኢኤምኤምሲ የሚባለው በብዛት የሚዘገየው ነው፤ የሚቀየርም አይደለም።) ቢበላሽ የሚጠግነው ማን ነው፣ አሽዶድ ውስጥ ነው ወይስ በፖስታ ወደ ሌላ ከተማ ይላካል? ሻጩ በፍጥነት በዕብራይስጥ ሲመልስላችሁ ለእናታችሁ "ጥሩ ነው አለ" ብቻ አትበሏት። ያለውን በሙሉ በአማርኛ ንገሯት፤ ከፋይዋ እርሷ ናት።