ስሜትን በአንድ ኬሚካል ስም መጥራት ይብቃን

ስለ ሰው ልጅ ስሜት በሚጻፉ የትምህርትና የጤና ጽሑፎች ውስጥ አንድ አቋራጭ መንገድ ተለምዷል። ዶፓሚን «የደስታ ኬሚካል»፣ ኦክሲቶሲን «የፍቅር ሆርሞን»፣ አድሬናሊን «የፍርሃት ሆርሞን» ይባላሉ፤ የሴሮቶኒን ማነስ ደግሞ የድባቴ ምክንያት ተደርጎ ይቀርባል። አጠራሩ ለማስታወስ ይቀላል፣ ለማስተማርም ይመቻል። ሆኖም ከምርምሩ ውጤት ጋር አይስማማም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፦ ስሜት የአእምሮ፣ የአካልና የሁኔታ የጋራ ውጤት እንጂ የአንድ ንጥረ ነገር መብዛት ወይም ማነስ አይደለም፤ ይህን መዘንጋትም ተመራማሪውንም ሕመምተኛውንም ይጎዳል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአድሬናሊን እንነሣ። ዊልያም ጄምስ በ1884 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ስሜት ማለት የአካል ለውጥ በአእምሮ ሲታወቅ የሚፈጠር ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ብቻውን እውነት ቢሆን ኖሮ የፍርሃትን አካላዊ ምልክቶች በመርፌ ማስነሣት ፍርሃትን ራሱን ይወልድ ነበር። ስፔናዊው ሐኪም ግሪጎሪዮ ማራኞን በ1924 ያቀረበው ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። አድሬናሊን ከተወጉት ሰዎች አብዛኞቹ የተናገሩት የልብ ምትን መፍጠንና መንቀጥቀጥን ብቻ ነበር፤ ከፊሎቹ «የፈራሁ ያህል» የሚል ስሜት ገለጹ፤ እውነተኛ ስሜት ያደረባቸው ጥቂቶች ነበሩ። ዋልተር ካነንም በ1927 የሆድ ዕቃ ለውጦች በተለያዩ ስሜቶች ጊዜ ተመሳሳይ መሆናቸውንና ከስሜቱ ይልቅ የዘገዩ መሆናቸውን ጠቅሶ የጄምስን ሐሳብ ተቸ። ዛሬ እንደምናውቀው በደም ውስጥ ያለ አድሬናሊን የደምና የአንጎልን አጥር በቀላሉ አያልፍም፤ ተጽዕኖው ወደ አንጎል የሚደርሰው በአብዛኛው እንደ ቬገስ ባሉ ነርቮች አማካይነት ነው። ስለዚህ አድሬናሊን አካልን ያዘጋጃል፤ ዝግጅቱ ፍርሃት ይሁን ቁጣ ወይም የድል ጉጉት ግን ብቻውን አይወስንም።

ስሜትን ለአንድ የአንጎል ክፍል መስጠትም ከዚህ የተሻለ አይደለም። አሚግዳላ «የፍርሃት ማዕከል» ሲባል ኖሯል። ኡርባክ–ቪተ በተባለ እምብዛም የማይታይ የዘር በሽታ በሁለቱም ወገን ያለው አሚግዳላዋ የተጎዳ አንዲት ሴት እባብና ሸረሪት ሲቀርቡላት ፍርሃት አለማሳየቷም ስያሜውን ያጸና መስሎ ነበር። በ2013 በታተመ ጥናት ግን እርሷና ተመሳሳይ ጉዳት ያለባቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር ሲተነፍሱ ሦስቱም በብርቱ ፍርሃት ተያዙ። ከውጭ የሚመጣ አደጋና ከሰውነት ውስጥ የሚነሣ የመታፈን ምልክት በተለያየ መንገድ ፍርሃትን ሊቀሰቅሱ እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን።

ዶፓሚንም «ደስታ» አይደለም። የኬንት ቤሪጅ ሥራዎች እንዳሳዩት፣ ዶፓሚናቸው እጅግ የተሟጠጠባቸው አይጦች ምግብ መፈለግን ይተዋሉ፤ ስኳር አፋቸው ውስጥ ሲገባ ግን የመጣም ምልክት በፊታቸው ላይ ይታያል። መፈለግና መውደድ ተለያዩ ማለት ነው። ኦክሲቶሲንም ቢሆን በ2010 የታተመ ሙከራ የሰውን ቸርነት ለራሱ ወገን እንደሚያበረታ እንጂ ለሁሉ እኩል እንደማያዳርስ አመልክቷል።

ጉዳቱ ይበልጥ የሚታየው በድባቴ ላይ ነው። በ1950ዎቹ ለሳንባ ነቀርሳ የተሠራው አይፕሮኒያዚድ የሕሙማንን መንፈስ ማነቃቃቱ ተስተዋለ፤ ከዚህና ከመሰል ግኝቶች በመነሣት ድባቴ የኬሚካል ጉድለት ነው የሚለው መላምት ተወለደ። ነገር ግን እንደ ፍሎክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ሴሮቶኒን ተመልሶ እንዳይወሰድ የሚያግዱት በሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ ሙሉ ፈውሳቸው ሳምንታትን ይጠይቃል። በ2022 የታተመ ሰፊ የክለሳ ጥናትም የሴሮቶኒን ማነስ ድባቴን እንደሚያመጣ ወጥ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ማለት መድኃኒቶቹ አይረዱም፣ ሕመምተኛውም ያቋርጣቸው ማለት አይደለም። አስፕሪን ራስ ምታትን ማስታገሡ ራስ ምታት የአስፕሪን እጥረት መሆኑን እንደማያሳይ ሁሉ፣ የመድኃኒት ጥቅምም የበሽታን መነሻ አያረጋግጥም።

ቀላሉ አነጋገር ሕመምተኛውን ከወቀሳ ያድናል የሚል መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። የአእምሮ ሕመም ለርኩስ መንፈስ ወይም ለኃጢአት በሚሰጥበት ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ መቃወሚያ ክብደት አለው። ሆኖም በ2013 የታተመ የብዙ ጥናቶች ትንተና እንዳሳየው፣ ሥነ ሕይወታዊ ማብራሪያ ወቀሳን በመጠኑ ቢቀንስም «ይህ ሰው አይድንም» የሚለውን አመለካከት ያጠነክራል። አንዱን ሸክም አውርዶ ሌላ የሚጭን ማብራሪያ ደግ ሊባል አይችልም።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ተመራማሪ ቅርብ ጉዳይ ነው። አማርኛ ስሜትን በአካል ይናገራል፤ ያዘነ «ሆድ ባሰኝ»፣ የተናደደ «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ ወኔው የከዳው ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይባላል። እነዚህ አባባሎች የፊዚዮሎጂ ማስረጃ አይደሉም፤ ቆሽት ኢንሱሊን እንጂ ቁጣን አያመነጭም። ነገር ግን ሰዎች ሥቃያቸውን የሚያስተውሉበትንና ለሐኪም የሚያቀርቡበትን መንገድ ይገልጻሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ሆድ ምቾት ማጣት ይጠይቃል። በ1988 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሳይካትሪ የታተመ ጥናት ግን መጠይቁ በኢትዮጵያ ሲቀርብ ተጠያቂዎች አንዳንዶቹን ጥያቄዎች ከታሰበላቸው ትርጉም ውጭ እንደተረዱ አሳይቷል። ስሜትን ከአንጎል ኬሚካል ጋር ብቻ ያስተሳሰረ ተመራማሪ የሆድ ሕመምን ከሥሌቱ ያወጣዋል፤ አካላዊ ምልክትን ሁሉ ስሜት ያደረገ ደግሞ የጨጓራ በሽተኛውን በድባቴ መዝገብ ያስገባዋል። ሁለቱም ስሕተቶች በሰው ላይ ይደርሳሉ።

ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለአማካሪ መምህራን ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ኬሚካልን በስሜት ስም መጥራት ይቅር፤ የት፣ በየትኛው ተቀባይ ላይ፣ በምን ሁኔታ እንደሚሠራ ይገለጽ። መጠይቅ ሲተረጎም ቃሉ ብቻ ሳይሆን ተጠያቂው የተረዳው ነገር ይፈተሽ፤ «ሆዴን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነም ይጠየቅ። ለሕመምተኛ ማብራሪያ የሚሰጥ ሰውም መድኃኒቱ የሚረዳው ከእንቅልፍ፣ ከኑሮ ጫናና ከወዳጅ ዘመድ ድጋፍ ጋር ተጣምሮ መሆኑን ይንገረው። ይህን ለማለት ከ«ኬሚካልህ አንሷል» ይልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ይበልጥ ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን እውነቱን የሰማ ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ ሌላ በእጁ ያለውንም ነገር ያውቃል።