ኔድ ስታርክን «ራስ» አትበሉት

የጌም ኦፍ ትሮንስና የሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን ትንታኔ በአማርኛ ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሎርዱ «ራስ» ይባላል፣ ከሥሩ ያለው «ደጃዝማች» ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ጸሐፊው «ይሄ እኮ የኛው ፊውዳሊዝም ነው» ብሎ ይደመድማል። ብዙ ላይክም ያገኛል። ግን ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ የፊልም ሳይሆን የታሪካችን ስህተት ነው።

ከማዕረጉ እንጀምር። ኔድ ዊንተርፌልን ያገኘው ማንም ሾሞት አይደለም። አባቱና ታላቅ ወንድሙ በእብዱ ንጉሥ ስለተገደሉ ወረሰ፣ አለቀ። ማዕረጉ ከግንቡና ከመሬቱ ጋር አብሮ ይወረሳል። የኛው ግን ሹመት ነበር። ፊታውራሪ የጦር ግንባር መሪ ነው፤ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው። የራስ ልጅ ራስ ሆኖ አይወለድም፤ ንጉሥ እስኪሾመው «ልጅ እገሌ» ነው። በወጣትነቱ ተማርኮ የመጣው ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ፊታውራሪ ሆኖ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆነ። «ዳቮስስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ዳቮስ ከኮንትሮባንዲስትነት ተነስቶ ሎርድ ሲሆን መኳንንቱ ሁሉ የናቁት እዚያ አገር ነገሩ እንግዳ ስለሆነ ነው። እኛ ጋ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለ። ሹመት እንደሚሻር የማያውቅ ሕዝብ ይህን አይተርትም።

መሬቱ ላይ ልዩነቱ ይብሳል። ሳምዌል ታርሊን አስታውሱ። አባቱ ወደ ግንቡ ካልሄድክ አደን ላይ ትሞታለህ ብሎ ያስፈራራው ለምንድነው? የበኩር ልጅ እቤት እስካለ ድረስ መሬቱም ማዕረጉም የሱ ስለሆነ፣ ለታናሹ ለዲከን ማስተላለፍ ስለማይቻል። በጎጃም ወይም በጎንደር የርስት ሥርዓት ግን ሳምም፣ ዲከንም፣ እህታቸው ታላም ይጠይቃሉ። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ ከዋናው አባት የሚወለድ ሁሉ ድርሻ አለኝ ይላል። የርስት ሙግት ማለቂያ ያጣው ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጉልት የአፈሩ ባለቤትነት ሳይሆን ግብር የመቀበልና የመዳኘት መብት ነበር። ንጉሡ ይሰጣል፣ ይነጥቃል። የሚወረስ «ርስተ ጉልት» እንደነበር አልክድም። ግን ስሙ ራሱ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች እንደነበሩ ይመሰክራል።

ይህን የምለው የኛው ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። በደቡብ ባለመሬቱ መሬቱን ተነጥቆ በገዛ አፈሩ ላይ ገባርና ጭሰኛ ሆኗል። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት በባዶ ሜዳ አልነበረም። ነገር ግን በደሉን በዌስተሮስ መነጽር ካየነው፣ የጎጃሙን ባለርስትና የደቡቡን ጭሰኛ አንድ «ገበሬ» አድርገን እናልፋቸዋለን። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አንዱ ጋ እልልታ፣ ሌላው ጋ ጥርጣሬ ለምን እንዳስነሳም አይገባንም። ዛሬም ስለ መሬት ስንጨቃጨቅ የማንግባባው ግማሹ ምክንያት ይኸው ነው።

በአንድ ነገር ግን እንመሳሰላለን፦ በአልጋው። ንጉሥ ቪሰሪስ መኳንንቱን ለልጁ ለራኒራ አስምሎ ሞተ፤ እነሱ ኤጎንን አነገሡ። ምኒልክም በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሽ ሲያደርጉ መሐላውን በእርግማን አሰሩት። በ1909 ዓ.ም. መስከረም ላይ መኳንንቱ ኢያሱን ሻሩ፤ ጳጳሱም ከመሐላው ፈቷቸው። ማነጻጸር ካማራችሁ እዚህ ጋ አነጻጽሩ፤ ለሁለቱም አገር የሚሠራ ትምህርት አለበት። መሐላ የሚጸናው የማለው ሰው እስከጠቀመው ድረስ ነው።

ስለዚህ ተንታኞቻችን፣ ሎርድን ሎርድ በሉት። ቃሉ አይከብድም፣ ሁላችንም እንሰማዋለን። ራስን ግን ለባለቤቱ ተዉለት።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ እንገናኝ። ስድብ ሳይሆን ማስረጃ ይዛችሁ ኑ።