ዘበኛው ስለ ጮኸ አይሻርም

ከፍታዋ 2500 ሜትር ያህል ከሆነችው ከደሴ፥ ከቧንቧ ውሃ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ቤተ ሰብ፥ በደጋው ሳለ የአውቶሞቢሉን አየር ማቀዝቀዣ አያስበውም፤ ቆላው ሲደርስ ግን ለሕፃንና ለሽማግሌ ትልቅ ረዳት ነው። የመሣሪያው መበላሸትም የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከጋራዥ በራቁበት ስፍራ ነው።

በማቀዝቀዣው ቧንቧ ላይ መካኒኮች ፕሬዠር ስዊች የሚሏት የግፊት ተቈጣጣሪ አለች። ሥራዋ የዘበኛ ነው፤ ጋዙ አፈትልኮ ግፊቱ እጅግ ሲያንስ፥ ወይም ማራገቢያው ቆሞ ግፊቱ እጅግ ሲበዛ፥ ኤሌክትሪኩን ቈርጣ ኮምፕሬሰሩን ታቆማለች። አንዳንድ ሰው ይህን ባየ ጊዜ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ በግድ ያስነሣዋል። ይህስ ዘበኛው ስለ ጮኸ ዘበኛውን መሻር ነው። ዘይቱ ከጋዙ ጋራ የሚዞር ስለ ሆነ፥ ጋዝ ያነሰው ኮምፕሬሰር ደርቆ ይሰበራል፤ ለትንሿ ዕቃ የተሰሰተው ገንዘብ ለትልቁ ዕቃ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይከፈላል።

ስለዚህ አስቀድሞ ግፊቱ በመለኪያ ይታይ። ግፊቱ ደኅና ሆኖ ሳለ ኤሌክትሪክ ካላሳለፈች፥ ያን ጊዜ ትለወጥ። በብዙ አውቶሞቢል ከሥሯ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ ስላለ ጋዙ ሳይወጣ ትፈታለች። ቫልቭ የሌለ እንደ ሆነ ግን ጋዙ በመሣሪያ ተስቦ ሳያልቅ አትነካ፤ የሚፈናጠረው ጋዝ ዓይንና እጅን እንደ ውርጭ ያቃጥላልና። አዲሲቱ ስትገባም የጎማ ቀለበቷ አዲስ ይሁን፥ የኮምፕሬሰር ዘይትም ይቀባ።

የቤት ጌቶችና እመቤቶች! ወደ ቆላ ከመውረዳችሁ አስቀድሞ፥ ገና በደጋው ሳላችሁ፥ ማቀዝቀዣውን አስነሥታችሁ መርምሩ።