በቦስፎር ዳር ሆኖ ባሕር ሰርጓጅ መርከብን ስለ መመልከት

ወደ ኢስታምቡል ሄደን በነበረበት ጊዜ አንድ ቀን ጧት ከልጆቻችን ጋራ በኡስኩዳር ባሕር ዳር ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ፥ በአጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ብርጭቆአቸውን አኑረው ድንገት ተነሡ። ከሰሜን በኩል ውሃውን ዝቅ ብሎ የሚሰነጥቅ ጥቁር ነገር ይመጣ ነበር። ታናሹ ልጃችን ዓሣ አንበሪ ነው አለ። ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ነበረ።

ያላየው ሰው ቶሎ አይለየውም። አካሉ አብዛኛው ከውሃ በታች ስለ ሆነ ከሩቅ የሚታየው በመካከሉ የቆመው ግንብ ብቻ ነው፤ ቀረብ ሲል በግንቡ አናት ላይ ሁለት ሦስት ሰዎች ቆመው፥ ሰንደቅ ዓላማቸውም ሲውለበለብ ይታያል። በመንገደኞች መርከቦች መካከል ሲያልፍ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሩስያ በጥቁር ባሕር የምታኖረው ዓይነት 74 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 50 የሚያህሉ ሰዎችም በውስጡ ይኖራሉ።

ልጃችን «ሰርጓጅ ከተባለ ስለ ምን ወደ ውስጥ አይገባም?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የሚገባ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ዓ.ም. በስዊስ አገር በሞንትሮ ከተማ በተፈረመው ውል፥ የጥቁር ባሕር ዳር መንግሥታት ሰርጓጅ መርከቦች በውጭ አገር ተሠርተው ወይም ተገዝተው ወደ ሰፈራቸው ሲገቡ፥ ወይም ለጥገና ሲመላለሱ ብቻ ያልፋሉ። ያውም አስቀድሞ ለቱርክ መንግሥት ተነግሮ፥ በቀን ብርሃን፥ ከውሃ በላይ፥ አንድ በአንድ ነው። ለመሰወር የተሠራው መርከብ ሻይ ጠጪ ሁሉ እያየው ማለፍ ግዴታው ሆነ። ስለዚህ ይህን ለማየት የሚወድ አንባቢያችን ሌሊት በመጠበቅ አይድከም።

ባሕሩም ራሱ ለመሰወር አይመችም። ጠባቡ ስፍራ 700 ሜትር ያህል ነው፤ መታጠፊያውም ብዙ ነው። የላይኛው ውሃ ከጥቁር ባሕር ወደ ደቡብ ሲወርድ፥ ጨው የበዛበት የታችኛው ውሃ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ሆኖም በ1915 ዓ.ም. በግንቦት ወር «ኢ 11» የተባለው የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ በዳርዳኔል በኩል ሾልኮ ገብቶ፥ በዚህችው ከተማ ወደብ «ስታምቡል» የተባለችውን መርከብ በቶርፒዶ መትቷል። የከተማው ሕዝብ በዚያ ቀን እጅግ ደነገጠ። በ2022 ዓ.ም. ሩስያና ኡክራይን በተዋጉ ጊዜ ደግሞ ቱርክ በውሉ መሠረት በሩን ለተዋጊዎቹ የጦር መርከቦች ዘጋች።

ማታ በራት ላይ ልጁ «መርከቡ ከነሰዎቹ ቢሰጥምስ?» አለን። እናቱ ዝም እንድንል በዓይን ጠቀሱን። እኛም ጥቂት አመነታን፤ ልጅን ማስፈራት አንወድም፥ መዋሸት ግን ከዚያ ይልቅ ከበደን። ስለዚህ የዱምሉፒናርን ነገር ነገርነው።

ይህ የቱርክ ሰርጓጅ መርከብ ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. በሌሊት ከልምምድ ሲመለስ፥ በዳርዳኔል ናቦላንድ ከምትባል የስዊድን መርከብ ጋራ ተጋጭቶ በጥቂት ደቂቃ ሰጠመ። 81 ሰዎች ሞቱ፤ ከላይ ከነበሩት 5ቱ ብቻ ዳኑ። በኋለኛው ክፍል ግን 22 ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ ቴሌፎን ያለበትን ተንሳፋፊ ምልክት ወደ ላይ ሰደዱ። ሲነጋ ተገኘና ከእነርሱ ጋራ መነጋገር ተቻለ። አየር እንዳያልቅባቸው እንዳይነጋገሩ፥ ሲጃራም እንዳያጨሱ ተነገራቸው። የውሃው ኃይል ግን አዳኞቹን አላሠራ አለ፤ የቴሌፎኑም ሽቦ ተበጠሰ። ተስፋ በተቈረጠ ጊዜ መነጋገርም፥ መዝፈንም፥ ማጨስም እንደ ተፈቀደላቸው በቱርክ አገር እስከ ዛሬ ይነገራል።

ልጁ አላለቀሰም። ቴሌፎኑን ያነሣው ማን እንደ ነበረ ብቻ ጠየቀን። ሰላሚ ኦዝበን የሚባል የባሕር ኃይል የበታች ሹም መሆኑን ነገርነው፤ ስሙንም ሁለት ጊዜ ደጋገመው። በማግሥቱ ጧት ሻያችን ሳይቀርብ እርሱ ከሽማግሌው አጠገብ ቆሞ ወደ ሰሜን ይመለከት ነበር።